የአባቴ ባሌስትራ

በእኔ ልጅነት አንድ መኪና ድሬዳዋ ገባ ማለት ባሌስትራው ላይ አንድ ብረት ተጨመረለት ማለት ነበር። ባሌስትራ ከመኪናው ሆድ ሥር ተደራርበው የታሰሩት ጎባጣ ብረቶች ናቸው፤ ሸክሙን የሚሸከሙትም የመንገዱን ጉድጓድ የሚችሉትም እነሱ ናቸው። መኪናው አዲስ ይሁን አሮጌ፣ የነጋዴ ይሁን የሹም፣ ከጅቡቲ በባቡር ተጭኖ መጥቶ ገና አቧራ ሳይነካው ጋራዥ ይገባና «ብረት ጨምሩለት» ይባላል። መኪና የሚጫን ነገር ነዋ! የደንገጎን አቀበት ጨውና ስኳር ተሸክሞ ካልወጣ፣ ሲመለስ ቡናና ጫት ካልጫነ ምኑን መኪና ሆነው? ቂጡ ዝቅ ያለ መኪና የሚነዳ ሰው ጀርባዋ የቆሰለ አህያ እንደሚነዳ ሰው ይታፈርበት ነበር።

ይህን ልማድ እጠላዋለሁ። ሳረጅ ይበርድልኛል ብዬ ነበር፤ ይኸው አረጀሁ፣ አልበረደልኝም። ዛሬም አንድ መካኒክ «ብረት እንጨምርለት?» ሲል ስሰማ ቆሽቴ ያርራል።

አባቴ የጭነት መኪና መካኒክ ነበር። ከከዚራ ወደ መጋላ በሚወስደው መንገድ ላይ የራሱ ጋራዥ ነበረው፤ በሩ ትልቅ የቆርቆሮ በር ነው። እኔ እዚያ በር ላይ ነው ያደግኩት። በሩ ላይ እንጂ ውስጥ አይደለም። ምሳ አድርሼ ሳህኑ እስኪመለስ የምቆምበት ቦታ ነበረኝ፤ ከዚያ አልፌ አንድ የብሎን ዳዶ ካነሳሁ «እጅሽ ይቆሽሻል፣ ሂጂ ወደ እናትሽ» እባላለሁ። እጄ ቢቆሽሽ ምን እንደሚሆን ማንም አልነገረኝም። አንድ ቀን የአንድ መኪና ፍሪሲዮን ለምን እንደሚንሸራተት ከበሩ ላይ ሆኜ ተናገርኩ። ያልኩት ትክክል ነበር። ሠራተኞቹ ሳቁና አንዱ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» አለ። አባቴም አብሮ ሳቀ። ያቺን ተረት ያወጣት ሰው መቃብሩ ባይታወቅ ይሻለዋል፤ ባውቀው እሄድበት ነበር።

ትንሿ መኪና የመጣችው የካቶሊክ መነኮሳቱ ትምህርት ቤት ትምህርቴን በጨረስኩበት ዓመት ነው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራ የሌላት፣ አረንጓዴ የስፖርት መኪና ናት። የአንድ ግሪክ ነጋዴ ልጅ ሞተሯን አቃጥሎ አባቴ ጋራዥ አቆማትና አገሩ ገባ፤ ከዚያ ለአባቴ «ይውሰዳት» የሚል ቃል ላከበት። አባቴ ለምንም አልፈለጋትም። «አንድ ኩንታል የማትችል መኪና» ብሎ ጥግ ላይ ጣላት፣ ዶሮዎች ይቀመጡባት ጀመር። ሞተሯን የጠገነላት መንዳትም ያስተማረኝ አዴር ነው። አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው፤ ከአባቴ ጋር ከወጣትነታቸው ጀምሮ አብሮ የሠራ የባሌስትራ ሰው ነበር፣ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጠራው። አባቴ ነዳጅ ሊያመጣ ሲሄድ አዴር ቁልፉን ይወረውርልኛል፤ እኔም ወደ ደቻቱ እፈተለካለሁ። ደቻቱ በክረምት ሰው ይዞ የሚሄድ ወንዝ ነው፣ በበጋ ግን ደረቅ አሸዋ ነው። ዳሩ ጠንካራ መሬት ስለሆነ ለመንዳት ይመቻል።

ከከተማው ወጣ ብሎ በሽንሌ በኩል ሰፊ ሜዳ አለ። የፈረንጆቹ ክበብ በዓመት አንዴ፣ ሙቀቱ ረገብ ሲል፣ እዚያ ላይ ጂምካና የሚሉትን ጨዋታ ያደርግ ነበር። በኖራ የተቀቡ ባዶ በርሜሎች ይደረደራሉ፤ መኪኖቹ አንድ በአንድ እየወጡ በበርሜሎቹ መሀል እየተጠማዘዙ ይሮጣሉ፤ አንድ ሰውዬ ሰዓት ይዞ ይቆማል። ከሌላ መኪና ጋር መጋፋት የለም። በርሜል የነካ ይቀጣል፣ ቶሎ የጨረሰ ያሸንፋል። የእኛ ሰዎች ድርሻ የወደቀውን በርሜል ማንሳት ነበር። የዚያን ዓመት ግን መኪና ያለው ሁሉ ይግባ ተባለ። ሴት አትገባም ያለ ሰው አልነበረም፤ የምትገባ ሴት ትኖራለች ብሎ ያሰበ ስላልነበረ ይመስለኛል።

ምሳ ላይ ለአባቴ እገባለሁ አልኩት። ያን ሰሞን አክስቴ መጋላ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያለው አንድ ሰው ለጋብቻ አምጥታልኝ ነበር፤ ሰውየው መልስ እየጠበቀ ነው። እኔ ደግሞ የምፈልገው ጋራዡን ነው። ይህን በየቀኑ እየተናገርኩ አባቴን አሰልችቼዋለሁ። እጁን ታጠበና ፈገግ አለ።

«እሺ» አለ። «አንድ በርሜል ሳትነኪ ከወጣሽ ሰኞ ጠዋት ቱታ ለብሰሽ ጋራዥ ትገቢያለሽ፣ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ። ከነካሽ ግን ለሰውየው እሺ ትያለሽ፤ የመኪና ነገር ሁለተኛ አታንሺብኝ።»

እናቴ «በልጅህ ነው እንዴ የምትቆምረው?» ብላ ተነሳች። እኔ ግን ቃሉን ያዝኩ። አባቴ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አልነበረም፤ በዚህ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።

ስለዚህ ከምሳ በኋላ፣ ድሬዳዋ በሙቀቱ ምክንያት ሱቁን ዘግቶ በሚተኛበት ሰዓት፣ ጋራዡ ለእኔ ተከፈተልኝ። መኪናዋ ችግር ነበረባት። መሪ ስጠመዝዝ ኋላዋ እንደ ፍየል ትዘላለች፤ በውስጥ በኩል ያለው ጎማ ከመሬት ይነሳና አየር ላይ ይሽከረከራል። ሥሯ ገብቼ ሳያት ምክንያቱን አገኘሁት። ግሪኩም ከተማው ሲገባ እንደ ሁሉም ሰው ብረት አስጨምሮላታል! አንድ ኩንታል የማትችለውን መኪና፣ ለሁለት ሰው የተሠራችውን፣ እንደ ኤንትሬ የጭነት መኪና አጠንክረዋታል። መጀመሪያ ያደረግኩት ከኋላ ግራና ቀኝ የተጨመሩትን ብረቶች ማውጣት ነበር። ሠራተኞቹ ልብስ ያወለቅኩ ይመስል ደነገጡ። መኪናዋ ዝቅ ብላ ተኛች።

ቀጥሎ ዝላይዋን የሚያበርደውን የፊቱን አሞርዛተር ወፍራም ዘይት ሞላሁት፣ አፍንጫዋ በየመታጠፊያው እንዳይሰግድ። የፊት ጎማዎቹ ወዴት እንደሚያዩ በሲባጎ ለካሁ። ሲባጎውን ከኋላው ጎማ እስከ ፊቱ ወጥሬ አንዱን ጫፍ የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር፤ የያዘልኝ አባቴ ነው። በዚያ ሙቀት እንቅልፉን ትቶ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ ተንበርክኮ ሲባጎ ያዘልኝ። ይህን አልረሳውም። ይህን መርሳት ብችል ኖሮ በኋላ ያደረገውን ለመርሳት ይቀለኝ ነበር።

እኔ ተቀምጬባት መኪናዋ እንዴት እንደምትቆም ደግሞ ከውጭ ሆኜ ማየት ነበረብኝ። ስለዚህ እኔን የሚያክል አሸዋ በጆንያ ሞልቼ የነጂው ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። አዴር ጆንያውን «ሙሽራሽ» ይለው ጀመር። «ሙሽራሽ ምሳ በላ ወይ?» እያለ በየቀኑ ሠራተኞቹን ያስቃቸዋል። ከኋላ የጎማውን ነፋስ ትንሽ ቀነስኩ፣ ከፊት ጨመርኩ፣ ደቻቱ ዳር ወስጄ ነዳሁ፣ ተመልሼ አስተካከልኩ። እንዲህ ስል ሰነበትኩ።

አንድ ቀን አባቴን አጠገቤ አስቀምጬው ወጣሁ። ደቻቱ ዳር ድንጋይ ደርድሬ ነበር። በድንጋዮቹ መሀል ስሄድ መኪናዋ አልዘለለችም፣ አልተንገዳገደችም። መሪውን ሳስብ ትታጠፋለች፣ ሳላላው ትስተካከላለች፤ አራቱም እግሯ መሬት ይዟል። ደስታዬ ሌላ ነበር።  ስንመለስ አባቴ ወረደና እጁን ኮፈኗ ላይ አሳርፎ ብዙ ቆየ። እኔ ሞኟ ኮርቶብኝ ነው አልኩ።

የጂምካናው ዕለት እሑድ ነው። መኪናዋን ቅዳሜ ጨርሼ ጋራዥ ውስጥ አቁሜያታለሁ። ጠዋት እናቴ «ሳትሳለሚ መሪ አትጨብጪም» ብላ ቤተ ክርስቲያን ይዛኝ ሄደች። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጋራዡ መጣሁ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አዴርና ሁለቱ ሠራተኞች ተደርድረው ቆመዋል፤ አባቴ ከጀርባቸው የመኪና ማንሻውን፣ የክሪኩን እጀታ በጨርቅ ይወለውላል። መኪናዬ ያለ ክሪክ ኋላዋ ተሰቅሏል። አፍንጫዋን መሬት ተክላ ቂጧን ሰማይ ሰቅላ ቆማለች።

«ናያ! አንቺ ልጅ፣ እስቲ ተመልከቻት!» አለ አዴር እጁን ዘርግቶ። «ትናንት እንደታመመች ግመል ተንበርክካ ነበር። አሁን ተነሳች፤ ወላሂ አሁን ገና መኪና ሆነች!»

ሥር ገብቼ አየሁ። ከኋላ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ብረት ተጨምሯል።

ከወጣሁ በኋላ ምን እንዳልኩ ሁሉንም አላስታውስም፤ ከፊሉም እዚህ የሚጻፍ አይደለም። «ማነው የነካት? ማን አዘዛችሁ?» እያልኩ ስጮህ መንገድ ላይ ጋሪ ቆሞ ሰው ማየት እንደጀመረ ትዝ ይለኛል። አዴር መጀመሪያ ወደ አባቴ ዞረ። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰ።

«እኔ ነኝ፤ አቦ ምን ያስጮህሻል?» አለ። «ሰው መሀል ልትወጪ አይደል? ተጎትታ ከምትታይ ብዬ ነው።»

«ማን አማከረህ? አንተ ከጨው ጭነት በቀር የምታውቀው ምን አለ? ይህን ሁሉ ቀን ስለፋ አላየህም? ዓይንህ ጠፍቷል? እድሜህን ሙሉ ያየኸውን ሁሉ ብረት ስትጭንበት ኖረህ አሁን ደግሞ በእኔ መጣህ?»

ሽማግሌ እንዲህ አይሰደብም። አዴር አንገቱን ደፍቶ ስድቡን ተቀበለ፤ ይህ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ያኔ አባቴ የክሪኩን እጀታ አስቀመጠ።

«ደግ አስበው ነው» አለ። «ብረቱን ለማውጣት እንደሆነ ጊዜ የለሽም። እንዳለች ንጃት። አይሆንልኝም ካልሽም ቅሪ።»

ቅሪ! ብቀር የጨርቅ ሱቁ ሰውዬ ሚስት ነኝ ማለት ነው። ብሄድ ደግሞ በዚያ በተሰቀለ ኋላዋ መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ በርሜሉን ጠርጌው ነው የምሄደው፤ ያው ሚስቱ ነኝ። ለማንም ሳልመልስ ሞተሩን አስነሳሁ።

እስከ ሜዳው ድረስ ኋላዋ በየጠጠሩ ላይ ሲወረውረኝ ሄድኩ። እንባዬ እየወረደ ነበር፤ የንዴት እንባ ነው፣ ላብ ነው ብትሉኝም አልጣላም። አእምሮዬ ግን ይሠራል። ይህ ብረት የጠነከረው ሸክም አጥቶ ነው። ጠንካራ ባሌስትራ ሸክም ካገኘ ይተኛል። ሸክም ከሰጠሁት ቢያንስ መሬት ይይዝልኛል። ትከብዳለች፣ ትዘገያለች፤ ይሁን! አባቴ ያለኝ በርሜል አትንኪ ነው እንጂ ቶሎ ጨርሺ አላለኝም።

ሠራተኞቹ ሊያዩ በጭነት መኪና ተከትለውኝ መጥተዋል። ገና ሳይወርዱ ጮህኩባቸው።

«መኪና የሚጫን ነገር ነው አላላችሁም? በሉ ጫኑ! አካፋና ጆንያ አምጡ!»

ከሜዳው ዳር ደረቅ ጅረት አለ። መጀመሪያ አካፋ ያነሳው አዴር ነው። ያን ሁሉ ስድብ ያወረድኩበት ሰው፣ ሽርጡን ሰብስቦ አሸዋ ይዝቅልኝ ጀመር። ጆንያዎቹን ከወንበሩ ጀርባ፣ ከኋለኛው ጎማ አናት ላይ እያስተኛን ደረደርናቸው፣ በገመድም አሰርናቸው። መኪናዋ ቀስ እያለች ወረደች። ሰዓት የያዘው ፈረንጅ መጣና እየዞረ ተመለከተ፤ የያዘውን ወረቀት አገላብጦ አሸዋ መጫንን የሚከለክል ነገር ስላጣ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ከተመልካቹ መሀል አንዱ «እህቴ፣ ሐረር ነሽ? እኔንም አሳፍሪኝ!» ብሎ ሜዳውን በሳቅ ሞላው። የምመልስለት አላጣሁም፣ ግን ተራዬ ደረሰ።

አነዳዴ የሚያምር አልነበረም። ያች ደቻቱ ዳር እንደ ሐሳቤ ስትታጠፍልኝ የነበረች መኪና አሁን እንደ በሬ ናት። ገና ከሩቅ ጀምሬ ማዘጋጀት፣ ፍሬን ቀድሜ መያዝ፣ መሪውን እያባበልኩ መጠምዘዝ ነበረብኝ። አባቴን፣ አዴርን፣ ግሪኩን፣ የጨርቅ ነጋዴውን እየረገምኩ ነው የነዳሁት። መካከል ላይ ኋላዬ አንዴ ተንሸራተተ፤ አሸዋው መልሶ ተጫነውና መሬት ያዘ። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ክንዴን ወደ ውጭ ብዘረጋ በርሜሉን እነካው ነበር። አልነካሁትም። ሁሉም እንደቆሙ ወጣሁ።

ያሸነፈው አንድ ጣሊያን ነው። እኔ ከመጨረሻዎቹ ነበርኩ፤ ይህም እስከ ዛሬ ያናድደኛል፣ ትናንት የነበረችውን መኪና ይዤ ቢሆን የት እደርስ እንደነበር ስለማውቅ። ሠራተኞቹ ግን ጮሁ፣ አዴር ሽርጡን አውልቆ ካላውለበለብኩ ሲል ያዙት። አባቴ ሰው ሁሉ እያየው ነበርና አጠገቤ መጣ።

«ሰኞ ግቢ» አለ። 

ሰኞ ማንም ሳይመጣ ቱታ ለብሼ ገባሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ እነዚያን ሁለት ብረቶች ማውጣት ነው ብዬ ከመኪናዋ ሥር ተኛሁ። ፈታሁና አንዱን ይዤ ወደ ብርሃን ወጣሁ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

አዴር ብረት ሲጨምር አይቻለሁ። ከተጣለ የጭነት መኪና ባሌስትራ በመሮ ይቆርጣል፤ ጫፉ እንደተቆረጠ ይቀራል፣ ሻካራ ነው፣ እጅ ይቀድዳል። ይህ ብረት እንደዚያ አልነበረም። ስፋቱ ከመኪናዋ ቀጭን ባሌስትራ ጋር እኩል እንዲሆን ከዳር እስከ ዳር ተሞርዷል። ጉብጠቱ ከላዩ ካለው ብረት ጋር ገጥሟል። ቀዳዳው በትክክል መሀሉ ላይ ተበስቷል። ጫፎቹ ደግሞ እንደ ጥፍር ክብ ተደርገው ለስልሰዋል፣ ከላይ ያለውን ብረት እንዳይበላው። ጋራዡ ውስጥ እንደዚያ የሚሞርድ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ይህ ደግሞ እኔ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ እስክመለስ የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

ሠራተኞቹ ሲገቡ ሁለቱን ብረቶች አባቴ የሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ቆሜ ነበር። አባቴ አያቸው፣ ከዚያ ኮቱን መስቀል ጀመረ።

«አባባ፣ ይህ መቼ ነው የተሠራው?»

አባቴ ኮቱን ማስተካከሉን ቀጠለ። አዴር መዶሻውን አስቀመጠ።

«ተናገር እንጂ! መቼ ነው የሠራኸው?»

«ደቻቱ ይዘሽኝ የሄድሽ ቀን» አለ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ። «መኪናዋ ስትታዘዝልሽ አየሁ። አንድም በርሜል እንደማትነኪ ያን ቀን አወቅኩ። ተመልሰን ስንመጣ ብረቱን ቆረጥኩ።»

ባይሆንልኝ ኖሮ አይቆርጠውም ነበር ማለት ነው። የማልችል መስሎት ቃል ሰጠኝ፤ እንደምችል ሲያይ ቃሉን ማጠፍ ስላልቻለ እኔን ሊያጥፈኝ ተነሳ። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ጅግራ ናት ይሏታል፤ እኔ ግን አባቷ ሲባጎ ይይዝላት የነበረች አሞራ ነኝ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ሞረዱ ነው። እኔን ለመጣል የሠራውን ብረት እንኳ አሳምሮ ነው የሠራው! ሻካራ አድርጎ ቢተወው፣ አጥሮ ወይም ተጣሞ ቢሆን፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው የሠራው እል ነበር። አልተንቀጠቀጠም። ስንት ከሰዓት በኋላ ከእኔ ጋር ሲባጎ ይዞ ውሎ፣ እኔ ስሄድ ጫፉን ክብ ያደርግ ነበር።

አዴርን ከበሩ ውጭ አግኝቼ ለምን ጥፋቱን ወደ ራሱ እንደወሰደ ጠየቅኩት።

«አባትሽ ነው» አለ። «በመንገደኛ ፊት እሱን ከምትሰድቢው እኔን ብትሰድቢ አይሻልም? እኔ ሰምቼ እረሳለሁ።»

ጋራዡ ውስጥ ቀረሁ። ሴት ስለሆንኩ ብቻ መኪናቸውን አዙረው የሚሄዱ ነበሩ፣ በኋላ ተመለሱ። አባቴ ሲደክም ሥራውን ወሰድኩ። እሱ ከበሩ አጠገብ ወንበር ላይ ይቀመጥና ለሚመጣው ሰው ሁሉ «እኔን አትጠይቁ፣ ልጄን ጠይቋት» ይል ነበር። እንደኮራብኝ ይናገራል። እኔም መድኃኒቱን አመጣለታለሁ፣ ጫማውን አስርለታለሁ፣ ማታ ደግፌ ቤት አስገባዋለሁ። ይቅርታ ግን አልጠየቀኝም፤ እኔም ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩትም። እንደዚያው ሆነን ቀበርኩት።

ብረቶቹን አልጣልኳቸውም። ድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ነፋስ አላት፤ ያን የቆርቆሮ በር አላግታ ትዘጋዋለች። ስለዚህ ጠዋት ስከፍት በሩን ወደ ኋላ እለቅና አንዱን ብረት ከግራው መዝጊያ፣ ሌላውን ከቀኙ ሥር እሸጉጣለሁ። ከዚያ በኋላ ምንም ነፋስ አይዘጋውም። ደንበኞች ጫፋቸውን በጣታቸው ዳሰስ እያደረጉ እንዲህ ያማረ ሥራ የማን ነው ይሉኛል።

የአባቴ ነው፣ እላቸዋለሁ።